አምስት ዋቢ፣ አንድ አባት

ቲናይ ያን ቀን ጠዋት ከሚኒባሱ ስትወርድ ደረቷን ነፍታ ነበር። አምስት ዋቢ አግኝታለቻ! የክፍሏ ልጆች ሁለትና ሦስት ለቃቅመው ጭንቅ ሲላቸው፣ እሷ ከዚያ ቀርፋፋ ኢንተርኔት ጋር ሦስት ሳምንት ተሟግታ፣ ሁሉም አንድ ቃል የሚናገሩ አምስት ጽሑፎች አትማ፣ በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅልላ መጥታለች። ዝናብ ቢመጣ እሷ ትበሰብሳለች እንጂ ከረጢቱን ጠብታ አታስነካውም።

ነገሩ የዋዛ አልነበረም። በውቅያኖስ መሐል ባለችው በዚህች በታራዋ ደሴት፣ በኮሌጃቸው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሁሉ በዓመቱ መጨረሻ አንድ ጥናታዊ ጽሑፍ ያቀርባል። ያለፈ ወደ ሁለተኛ ዓመት ይሻገራል፤ የወደቀ ድጎማው ይቋረጥና ምንጣፉን ጠቅልሎ በመርከብ ወደ መጣበት ደሴት ይመለሳል። ከቲናይ በፊት ከትውልድ ደሴቷ ከአቤማማ የመጡ ሁለት የአጎቷ ልጆች በዚሁ ጽሑፍ ወድቀው ተመልሰዋል። አንደኛው እስከ ዛሬ ድረስ "ኮሌጅ" የሚል ቃል ከሰማ ተነሥቶ ዓሣ ሊያጠምድ ይሄዳል ይባላል። ቲናይ ሦስተኛዋ መሆን አልፈለገችም።

ስለዚህ ርዕስ ስትመርጥ በብልጠት ነው የመረጠችው፤ የበባይ አተካከል። በባይን የጉድጓድ ጎደሬ በሉት። አሸዋውን ቆፍረው፣ ከሥር ያለው ጨው የሌለው ውሃ ድረስ ወርደው የሚተክሉት፣ ቅጠሉ ሰው የሚያስጠልል፣ ለድግስ ካልቀረበ ድግሱ ድግስ የማይባል ተክል ነው። "ስለ በባይ የማላውቀው ምን አለ?" ብላ ገባችበት። እውነቱን ለመናገር ስለ በባይ የምታውቀው አበላሉን ነበር።

ኮርሱን የሚያስተምሩትም፣ ቤተ መጻሕፍቱን የሚጠብቁትም አኮያ የሚባሉ ሴት ናቸው። ወፈር ያሉ፣ ጆሯቸው ላይ ሁልጊዜ አበባ የሚሰኩ፣ ለሳቅ ቅርብ የሆኑ ሰው ናቸው። በሳቃቸው ግን እንዳትታለሉ፤ እየሳቁ ነው የሚጥሉት።

"እስቲ አምስቱም ምን ይላሉ?" አሏት ከረጢቱ ሲፈታ እያዩ።

"በባይ ከተተከለ በኋላ ለአርባ ቀን ማንም ወደ ጉድጓዱ መቅረብ የለበትም ይላሉ መምህርት። የአርባ ቀን ዕረፍት! የጥንት ጥበብ ነው።"

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"እኔማ ምን እላለሁ? አምስት ሆነው ከተስማሙ ነገሩ አለቀ አይደል እንዴ! በማኔአባ እንኳ አምስት ጎሳ አንድ ቃል ከተናገረ ማን ደግሞ ይከራከራል?"

ስሕተቷ እዚህ ላይ ነበር፤ አትፍረዱባት። ማኔአባ ማለት ትልቁ የመንደር መሰብሰቢያ ቤት ነው፣ በውስጡ ጎሳው ሁሉ የየራሱ መቀመጫ አለው፤ ከአምስት መቀመጫ አምስት ሽማግሌ ተነሥቶ አንድ ነገር ከተናገረ ጉዳዩ ተዘጋ ማለት ነው። ቲናይም አምስት ወረቀት ስታይ እንደ አምስት ሽማግሌ ቆጠረቻቸው።

አኮያ ፈገግ አሉ። "መልካም። በማኔአባ የማናውቀው ሰው ተነሥቶ ሲናገር መጀመሪያ ምን ብለን እንጠይቃለን?"

"የማን ልጅ እንደሆነ።"

"እነዚህስ የማን ልጆች ናቸው?"

"ወረቀቶቹ?"

"ወረቀቶቹ። ዘራቸውን ቁጠሪና ነይ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ልጄ።"

ቲናይ ወጥታ ስትሄድ እያጉረመረመች ነበር። የወረቀት ዘር ቆጠራ! ከአክስቷ ቤት ግድግዳ ያለፈውን ዓመት ካሌንደር ገንጥላ ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረች።

ከአምስቱ አዲሱ ጽሑፍ ባሕር ማዶ፣ ብሪዝበን የሚኖር አንድ ምሁር የጻፈው ነው። "የአርባ ቀኑ ዕረፍት ሥሩ ጨው እንዲለምድ እንደሚያደርግ ይገመታል" ይላል። ማን ገመተ? ወደ ሁለተኛው ይጠቁማል። ሁለተኛው ደግሞ "ደሴተኞቹ ይህን ሥርዓት ከጥንት ጀምሮ በጥብቅ ያከብሩታል" ይላል። ማን ነገረህ? ወደ ሦስተኛው። ሦስተኛውና አራተኛው ሁለቱም ወደ አንዲት አሮጌ መጽሔት። አምስተኛው ማንንም አይጠቅስም፤ ግን ሥዕሉ ሳይቀር ከአራተኛው የተገለበጠ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባል የለ?

አሮጌዋን መጽሔት አኮያ ከአንድ የዛገ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ፈልገው አወጡላት። ፔንፎልድ የሚባል የእርሻ ሹም በ1971 ያሳተማት፣ ሃያ ሁለት ገጽ ብቻ የሆነች ቀጭን ነገር ነች። ገጽ አሥራ አራት ላይ እንዲህ ይላል፤ "ልምድ ያለው አንድ የደቡብ አቤማማ ገበሬ እንደነገረኝ፣ ከተከላ በኋላ ለአርባ ቀን ወደ ጉድጓዱ መቅረብ አይገባም።"

አለቀ። ምሁር የለ፣ ጨው የለ፣ የጥንት ጥበብ የለ። አንድ ገበሬ!

"አምስት ምስክር አለኝ ብለሽ ነበር" አሉ አኮያ።

"አንድ ሆኑብኝ።"

"አንዱስ ስም አለው?"

ቲናይ ገጹን ገለባበጠችው። "የለውም።"

"ስም የሌለው ምስክር ምን ተብሎ ይጠየቃል? ማን ነህ፣ የት አየህ፣ ከማን ሰማህ አይባል። ፈልጊው። ሦስት ሳምንት ቀርቶሻል። በዚህ ሁኔታ ካቀረብሽው ግን እጥልሻለሁ፤ ደግሞ እያዘንኩ።"

ደቡብ አቤማማ ማለት የቲናይ የራሷ መንደር ነው። አያቷ ኢዮቴባ ደግሞ ዓይናቸውን ሊታከሙ መጥተው እዚሁ ታራዋ አክስቷ ቤት ከርመዋል። አንድ ዓይናቸው በነጭ ጨርቅ ታስሮ ቀኑን ሙሉ ደጅ ካለው የእንጨት መደብ ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ይተርባሉ። ቲናይ ጽሑፏን ጮክ ብላ ስታነብም ከጎኗ ሆነው ይሰሟታል። አርባ ቀኑ ጋ ስትደርስ ሁልጊዜ ሳቅ ይይዛቸውና እስኪያስላቸው ድረስ ይስቃሉ። እሷ በልጅ ልጃቸው ትምህርት ኮርተው ይመስላት ነበር።

ያን ቀን ሩዝና ዓሣ ቀርቦ አብረው ሲበሉ ጠየቀቻቸው።

"አባባ፣ ድሮ ፔንፎልድ የሚባል ነጭ ወደ መንደራችን መጥቶ ያውቃል?"

"ፔኒ! ያ አንገተ ቀዩ? መጥቷል እንጂ! ሦስት ሳምንት እኛ ቤት ነው ያደረ። ሸርጣን ይፈራ ነበር ምስኪን። ሸርጣን ባየ ቁጥር መደብ ላይ ይወጣል።"

"ስለ በባይ ማንን እንደጠየቀ ያውቃሉ?"

"አሳምሬ።"

"ማንን ነው?"

"እኔን።"

የቲናይ እጅ አፏ ጋ ሳይደርስ ቀረ። "አርባ ቀኑን... አርባ ቀኑን የነገሩት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኛ!" አሉና ኢዮቴባ ጭናቸውን መቱ። "ስንት ዓመት ሆነው? እስካሁን ይሠራል እንዴ?"

"እውነት ነው ታዲያ?"

"ምኑ?"

"አርባ ቀን አለመቅረቡ!"

"አብደሻል? በባይ ተክለሽ አርባ ቀን ትተሽው? አረም ይውጠዋል! በባይ እኮ እንደ አራስ ነው፤ ሳምንት ዞር ካልሽበት ያኮርፋል።"

"ታዲያ ለምን እንዲያ አሉት?"

"ምን ልበለው? የአባቴን ምስጢር አውጥቼ ልስጠው? ለማያውቁት ሰው የበባይ ነገር እውነቱን የሚናገር ማን አለ? አንቺ እራስሽ ታምኛለሽ?"

እዚህ ላይ ቲናይ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀላ። በደሴቶቹ የተወለደ ሕፃን ሁሉ ከእናቱ ጡት ጋር የሚጠባው ነገር ነው፤ የሰው በባይ ለምን እንዲህ ወፈረ ተብሎ አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም የሚሰጠው መልስ አይታመንም። ቤተሰብ ሁሉ የየራሱ ምስጢር አለው፤ የትኛው ቅጠል፣ በስንት ቀን፣ ምን ያህል፤ ይህ ከአባት ለተመረጠ ልጅ ብቻ ይተላለፋል። ለድግስ ትልቁን በባይ ይዞ የመጣ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ ቀና ብሎ ይሄዳል። ጎረቤት መጥቶ "አርባ ቀን ተወው" ቢላት ኖሮ ቲናይ "ሂድ ወዲያ፣ ማንን ልታሞኝ ነው!" ባለችው ነበር። ታትሞ፣ ገጽ ተቆጥሮለት፣ ከብሪዝበን ዞሮ ሲመጣ ግን እጅ ነስታ ተቀበለችው።

"ሳነበው ሲሰሙ ለምን ዝም አሉኝ አባባ?"

"መች ጠየቅሽኝ? ደግሞ አነባበብሽ ሲያምር! 'ሥሩ ጨው እንዲለምድ' ስትይማ እኔ ራሴ ላምን ምንም አልቀረኝ።"

በማግስቱ ጠዋት ቲናይ ቤተ መጻሕፍቱ ሳይከፈት በር ላይ ቆማ ነበር። አኮያ ነገሩን ሲሰሙ በሳቅ ፈረሱ፤ አበባቸው ወድቆ ራሳቸው ረገጡት። ዕንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ ግን ጥያቄያቸውን አመጡ።

"አያትሽ በ1971 ዋሹ፣ ትናንት ማታ ደግሞ እውነቱን ተናገሩ። በምን አወቅሽ?"

"ነገሩኛ!"

"ያኔ እውነት ተናግረው ትናንት ዋሽተውሽስ ቢሆን?"

"አያቴ አይዋሹም!"

"ዋሽተዋል ብለሽ አይደል እንዴ በጠዋት እየሮጥሽ የመጣሽው?"

ሴትዮዋ ልክ ናቸው። አንድ ጊዜ የዋሸ ሰው ሁለተኛውን በምን ይታመናል? ሌላ ምስክር ያስፈልጋል፤ ደግሞ ከአያቷ ያልተዋለደ።

በባይ አሁንም ወደሚተከልባቸው የታራዋ ዳርቻ መንደሮች በአውቶቡስ ሄደች። ጠየቀች። አንዱ ገበሬ ፊቱን አኮሳትሮ "የሻርክ ጉበት ነው ምስጢሩ" አላት። ሁለተኛው "መዝሙር ይዘመርለታል፤ በተለይ የፋሲካ" አላት። ሦስተኛዋ ባልቴት "ኧረ ምንም የለው፣ ዝም ብሎ ይበቅላል" ብለው ዝንጅብል የሚያህል በባይ አሳዩዋት፤ ከጀርባቸው ያለው ጉድጓድ ውስጥ ግን ሰው የሚያክል ተክል ቆሟል። ሁሉም ዋሿት፤ ደግሞ እንዴት ባለ ጨዋነት! አንዱማ የመንገድ ኮኮናት ሁሉ ሰጥቷታል።

በአውቶቡስ ስትመለስ፣ መስኮቱን ተደግፋ በንዴት ስትብሰለሰል ነው ነገሩ የመጣላት። ሰዎቹን ምን አስጠየቃት? ጉድጓዱን አትጠይቅም? በባይ የሚንከባከብ ሰው ቅጠል ቆርጦ ለማዳበሪያ ከሥሩ ይጥላል። ዛሬ የተጣለ ቅጠል አረንጓዴ ነው፤ ሳምንት ያለፈው ቡናማ ነው፤ ወር ያለፈው አፈር ሆኗል። አርባ ቀን ሰው ያልደረሰበት ጉድጓድ አረንጓዴ ቅጠልም ትኩስ ዱካም አይኖረውም።

እሰይ! ግን የሰው ጉድጓድ ማየት በዚያ አገር የሰው ጓዳ ከማየት አንድ ነው። በማግስቱ ጉድጓዷን ስታጮልቅ ያገኘቻት አንዲት ሴት መጥረጊያ ይዛ "ሰላይ! የማን ሰላይ ነሽ አንቺ!" እያለች እስከ ዋናው መንገድ ድረስ አባረረቻት። ቲናይ አንድ እግር ነጠላ ጫማ እዚያው ጥላ መጣች።

ኢዮቴባ ይህን ሲሰሙ ከመደባቸው ተነሡ። "እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ። አንድ ዓይኑ የታሰረ ሽማግሌ ማን ይጠረጥራል?"

እውነትም ማንም አልጠረጠራቸውም። ሽማግሌው በየጉድጓዱ አፋፍ እየተቀመጡ ከባለቤቱ ጋር የዘመድ ዘመድ ሲያወጡ፣ የሞተ ሲያነሡ፣ የተጋባ ሲቆጥሩ ይቆዩና መጨረሻ ላይ "ይቺ ልጅ ትምህርቷ ሆኖባት ነው፤ ምን እንደምትጥሉበት አትጠይቃችሁም፣ አረንጓዴና ቡናማ ብቻ ቆጥራ ትሂድ" ይላሉ። ቲናይም የማንም ምስጢር እንዳይወጣ የቅጠሉን ዓይነት ላትጽፍ ቃል ትገባለች። ያቺ ባለ መጥረጊያዋ እንኳ እሺ አለች፤ ነጠላ ጫማዋንም መለሰችላት።

ዘጠኝ ጉድጓድ፣ በየሁለት ቀኑ፣ ለአሥር ቀን። ከዘጠኙ ሦስቱ ገና በዚያው ሰሞን የተተከሉ ነበሩ። አንድም ጉድጓድ አምስት ቀን ሙሉ ሰው ሳይረግጠው አልቀረም፤ አዲስ የተተከሉትማ በሄደች ቁጥር ትኩስ ዱካ ነበራቸው። ቲናይ ሠንጠረዡን ስታሳያቸው አኮያ ረጅም ጊዜ አዩት።

"አሁን ሁለት ምስክር አለሽ" አሉ። "አያትሽና ጉድጓዶቹ። ደግሞ ተገናኝተው አልተመካከሩም። ጎበዝ! ጽፈሽ አምጪው።"

ጽፋ አመጣች። አኮያ እያነበቡ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ ሄዱና አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቀይ እስክሪብቷቸው ቆመ። "'አንድ የደቡብ አቤማማ አዛውንት' ይላል። ማን?"

ቲናይ አንገቷን ደፋች። "ያውቁት የለ መምህርት።"

"እኔ አውቃለሁ። የሚያነበው ሰው ግን በምን ያውቃል?"

"መምህርት፣ የሚቀርበው እኮ በማኔአባ ነው! በሽማግሌዎች ፊት! ቆሜ 'አያቴ ዋሽተዋል' ልበል? በስማቸው?"

አኮያ አልሳቁም። ማኔአባ ውስጥ የተዋረደ ሰው ምን እንደሚሆን ያውቃሉ። አንድ ሽማግሌ በዚያ ቤት አንድ ጊዜ ውሸታም ከተባለ ወሬው ከሱ ጋር አይቀበርም፤ በልጆቹም በልጅ ልጆቹም ይጠራል። ደግሞ የገዛ የልጅ ልጁ ብትናገረው!

"ቲናይ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ስም የለውም ብዬ ፔንፎልድን ጥዬዋለሁ። አንቺን በምን አሳልፍሻለሁ? እንደዚህ ከቀረ ትወድቂያለሽ። ስሙን ማስገባት አለማስገባቱ ያንቺ ነው፤ ማስገደድ አልችልም።"

ሁለት ቀን ስሙን ስትጽፍ ስትሰርዝ ዋለች። ሌሊት በተገላበጠች ቁጥር አንድ ጊዜ መርከቡ፣ አንድ ጊዜ የአያቷ ፊት ይመጣባታል። በሦስተኛው ቀን ቆረጠች። ኢዮቴባ ኮኮናት ሲፍቁ አጠገባቸው ሄዳ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻቸው።

"ስምዎን አልጽፍም አባባ። ብወድቅም ልውደቅ። አቤማማ ምን አላት? እመለሳለሁ፤ በቃ።"

ሽማግሌው መፋቃቸውን አቆሙ። ፊታቸው ተለወጠ። ቲናይ እንዲህ ተቆጥተው አይታቸው አታውቅም።

"ያቺን መጽሔት አምጪ!"

አመጣች።

"እኔ ያለሁበትን አንብቢው።"

"'ልምድ ያለው አንድ የደቡብ አቤማማ ገበሬ እንደነገረኝ...'"

"ስሜ የት አለ?"

"የለም አባባ።"

"ደህና አድርገሽ እይ።"

"የለም።"

"ሦስት ሳምንት ቤቴ አደረ!" አሉ ኢዮቴባ። "ዓሣዬን በላ፣ ምንጣፌ ላይ ተኛ። ስሜን ሁለት ጊዜ ነገርኩት፤ ደብተሩ ላይ ሲጽፈውም በዓይኔ አይቻለሁ። መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ አባቴን ይዤ የሚሲዮኑ አስተማሪ ዘንድ ሄድኩ፤ እንዲያነብልን። በመንገድ ሁሉ 'ልጄ መጽሐፍ ገባ' እያለ ነበር። ያ አስተማሪ 'አንድ ገበሬ' ብሎ አነበበ። አባቴ ዞር ብሎ 'ይህ አንተ ነህ?' አለኝ። ምን ልበለው? ውሸቴን ወስዶ ስሜን ጣለው! ውሸቱ ብሪዝበን ሲደርስ እኔ እዚህ አንድ ገበሬ ሆኜ ቀረሁ። አሁን ደግሞ አንቺ፣ የገዛ ልጄ፣ 'አንድ አዛውንት' ልትይኝ ነው?"

"እኔ እኮ እንዳላዋርድዎት ብዬ..."

"ኢዮቴባ ዋሸ ብለሽ ጻፊ! የቴካይ ልጅ ኢዮቴባ! ማኔአባ ውስጥ የምንቀመጥበትንም ቦታ ጨምሪ። ይህን ሁሉ ዘመን ይህን ሁሉ ምሁር ያታለለ ውሸት፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም እንዴ?"

ቲናይ ማልቀስም መሳቅም አማራት፤ ሁለቱንም አደረገችው። እሳቸውም ኮኮናቱን ወደ ጎን ገፍተው አቀፏት።

የአቀራረቡ ቀን ማኔአባው ሞልቶ ነበር። ተማሪው፣ ወላጁ፣ ከየደሴቱ መጥተው ታራዋ የከረሙ ሽማግሌዎች፣ ሁሉም በየጎሳው መቀመጫ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ቲናይ ካሌንደሩን ገልብጣ ምሰሶው ላይ ሰቀለችና የአምስቱን ወረቀቶች ዘር ከልጅ ወደ አባት ቆጠረችላቸው። ዘር ቆጠራ ለሚያውቅ ጉባኤ ይህ ማር ነበር። "እንዲያ ነው! ቀጥይ!" ይላሉ ሽማግሌዎቹ። "አምስቱም የአንድ አባት ልጆች!" ሲባል "ወይ ጉድ!" ተባለ።

"የሁሉም አባት ፔንፎልድ ነው" አለች ቲናይ። "ለፔንፎልድ የነገሩት ደግሞ..."

አያቷ ከተቀመጡበት ሆነው ሲያዩዋት አየችና ወደ እሳቸው ዞረች።

"ለፔንፎልድ የነገሩት የደቡብ አቤማማው የቴካይ ልጅ ኢዮቴባ ናቸው። አያቴ ናቸው። የነገሩትም... የነገሩት ውሸት ነበር።"

አንዲት ሴት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ነበር!" አሉ ኢዮቴባ እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው። "የቴካይ ልጅ ነኝ! ደግሞ ጥሩ ውሸት ነበር!"

መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ነው የፈነዳው። ከዚያ ሁለተኛው። ከዚያ ማኔአባው በሙሉ ጭኑን እየመታ፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየወደቀ ሳቀ። "ብሪዝበን ድረስ!" ይላል አንዱ። "ጨው እንዲለምድ!" ይላል ሌላው ሆዱን ይዞ። ከጎናቸው የነበሩት ሰዎች የኢዮቴባን ትከሻ መታ መታ አደረጉ፤ እሳቸውም አንገታቸውን አቅንተው፣ መጽሐፍ ውስጥ እንደገባ ሰው፣ ዙሪያቸውን ይቃኙ ጀመር።

ሳቁ በረድ ሲል ቲናይ ስለ ዘጠኙ ጉድጓዶች ተናገረች፤ ሠንጠረዡን አሳየች፤ ምን እንዳወቀችና ምን እንዳላወቀች ለይታ ጨረሰች። ከኋላ አንድ ወጣት "ታዲያ እውነተኛው ምስጢር ምንድን ነው?" ብሎ ሲጠይቅ ኢዮቴባ ከመቀመጫቸው "እሱንማ በባዩን ጠይቀው!" አሉት፤ እንደገና ተሳቀ። አኮያ ፊታቸው ያለውን ወረቀት ሞልተው፣ ለቲናይ እንዲታያት ከፍ አድርገው ያዙት። "አልፋለች" ይላል። ቲናይ ያየችው ግን በዕንባ ጭጋግ ውስጥ ነው።

ልትቀመጥ ስትል ነው በሰሜን በኩል አንድ ሽማግሌ ብድግ ያሉት። ከኖኖውቲ ደሴት የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ብቻ አልሳቁም። እንዲያውም ከፍቷቸዋል።

"እኔስ?" አሉ። "ያ ሰውዬ እኛም ደሴት መጥቶ ነበር! እኔንም ጠይቆኛል! እኔ ስድሳ ቀን ነበር ያልኩት፤ ከአርባ ስድሳ አይበልጥም? ለምንድን ነው የኔ ያልተጻፈው?"

"የኔ አባትማ በጨረቃ ቁጠር ብሎታል!" አሉ ሌላ ሽማግሌ ከወዲያ።

"እኛ ደሴት የሻርክ ጭራ ነው የሰጠነው! ተሸክሞት ሄዷል!" አሉ ሦስተኛው።

አንዱ ሌላውን እየገፋ፣ ሁሉም ወደ መሐል መጣ። ከፊት የኖኖውቲው ሽማግሌ ናቸው፤ ከኋላቸው ሰባት ስምንት ሰው ተሰልፏል። ቲናይ ወደ አኮያ ዞረች። አኮያ ትከሻቸውን ነቀነቁና ባዶ ወረቀት አቀበሏት።

"ጻፊልኝ ልጄ" አሉ ሽማግሌው። "ስድሳ ቀን። ከጸሐይ መውጫ በኩል..."

"ቆይ አባቴ" አለች ቲናይ፣ እግሯን አጣምራ ከፊታቸው ተቀምጣ እስክሪብቶዋን እየከፈተች። "መጀመሪያ ስምዎን ይንገሩኝ፤ ከነአባትዎ።"